ሰሜን የዞረ ክፍል

ያባቴ መኝታ፣ ሰሜን ነው የዞረው፤
ከተሠራ ጀምሮ፣ ፀሐይ እንዳማረው።
ነጭ ነበር ግድግዳው፣ መጀመሪያ ሲቀባ፤
ኋላ ግን ገረጣ፣ እርጥበቱ ሲገባ።

ክሬም ይሁን አለችኝ፣ እህቴ ካዘዞ፤
ወደ ክሬም ነጎደ፣ አገር ተያይዞ።
ባንኩ ክሬም፣ ክሊኒኩ ክሬም፣
የቀበሌው ደረጃ ክሬም፣
ሰው የሚጠብቅበት ቦታ ሁሉ ክሬም።
አባቴ ግን ወረፋ አልያዘም።

ዐይኑን ሞራ ይዞታል።
መጀመሪያ የሄደው ሰማያዊ ነው፤
ሸሚዜን «አመድማ» አለው።
ከዚያ አረንጓዴው፤
የመስኮቱን ባሕር ዛፍ «ደርቋል፣ ቁረጡት» ብሎ ተቆጣ።
ሐኪሙ ቀጠሮ ሰጥቶታል፤
እሱ «ከበዓል በኋላ» ይላል፣
የትኛው በዓል እንደሆነ ግን አልነገረንም።
የቀረችው ብርቱካን ናት፣
ድሮ የማይወዳት።

እናም አራዳ ወረድኩ፣ ሙህዲን ሱቅ።
የቀለም ካርዱን እንደ ቁማርተኛ ዘረጋልኝ፣
«ስሙን አታንብቢ» አለኝ፣ «ስሙ ነው የሚያሳስተው።»
እኔም በራሴ አፍ ስም አወጣሁላቸው፦
ይኼ የዱባ ሥጋ፣
ይኼ በርበሬ፣ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ያደረ፣
ይኼ ውሃ የበዛበት ሽሮ፣
ይኼ ሰርገኛ ጤፍ፤
ይኼኛው አላውቅም፣ የታመመ ሰው ምላስ።
ከቦርሳዬ ገል አወጣሁ፣
ወለቃ መንገድ ዳር ያነሳኋትን ስባሪ።
«ይኼን የሚመስል አለህ?»
አውራ ጣቱን ላሰ፣ ገሏን ግማሹን አረጠበ።
«የቱን ነው የፈለግሽው? ደረቁን ወይስ እርጥቡን?»

አዛናው ቀቢው መጣ፣
ክንድ በክንድ ናሙና ቀባ፤
ክፍሉ ባንዴ ሚሪንዳ ሆነ።
«መክፈቻ አምጪ» ብሎ ሳቀብኝ።
እኔ አልሳቅሁም። ሁለት ባልዲ ገዝቻለሁ።
«ቀለም ጎረምሳ ነው» አለ፣ «ሲደርቅ ነው የሚሰክነው።
ብቻ አንቺ ደግሞ ትንሽ ተሳስተሻል።»

ጠብታ ጥቁር ጣለ፣ ጠብታ ቡናማ፤
ሐምራዊ ያዘዘውን፣ ደንበኛ እያማ፤
አማሰለው አዛናው፣ ዙሪያውን በዱላ፤
ብርቱካኑ ጠየመ፣ ሰው መሰለ ኋላ።

ሦስት ቀን ናሙናዋን ጠበቅኋት።
ጠዋት ቀዝቃዛ ናት፣ ስም የላትም።
ቀትር ላይ ጭቃ ናት፣ ተራ ጭቃ፤
ገንዘቤን አሰብኩ።
ካስራ አንድ ሰዓት በኋላ ግን
የጎረቤት ቆርቆሮ ካዘቀዘቀች ጀንበር ሰርቆ
ወደኛ መስኮት ይወረውራል፤
ያኔ ግድግዳው ጉንጭ ይሆናል፣
የሆነ ነገር ሰምቶ የቀላ ጉንጭ።
«ቀባው» አልኩት አዛናውን። «ሁሉንም።»

ሮብ ማታ ሁለተኛው እጅ ደረቀ።
መብራት ሄደ፣ እንደ ልማዱ።
ሻማ ለኮስኩ።
ነጭ ግድግዳ ከሻማ ይሸሻል፤
ይኼኛው ተጠጋ።

አባቴ ሾፌር ነበር። ሊማሊሞን
ሠላሳ ዓመት ወጥቶ ወርዶባታል፤
ዛሬ ከሳሎን እስከ አልጋው ያለውን
በሁለት እጁ እየዳሰሰ ነው የሚነዳ።
ደፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።
እጁን ከግድግዳው አነሳ።
«ማነው መብራት አብርቶ የተወው?»
ዝም አልኩ።
«አጥፊው እንጂ! ቆጣሪው እየበላ ነው።»

ምን ልበለው? ሄድኩና
ማብሪያውን ቀጭ አደረግሁት።
«አልጠፋም» አለኝ።
ደግሜ ቀጭ።
አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣
ቀለሙ ገና ይሸታል፣
ጫማውን በእግሩ ጣት እየገፋ አወለቀ።
«ተዪው በቃ» አለ።
«ይቆጠርብን።»